በቅዱስ አግናጥዮስ ጸሎት ከፍርሃት ዳንኩ

ስለት አለብኝና እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። የምኖረው ሮም ነው፤ አንዲት አሮጊት ቤት እሠራለሁ። አንገቴ ላይ እብጠት ወጣና ሐኪሞቹ «ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። ቢላው አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ማደንዘዣው ነው። በዚያው ብቀርስ? ልጄ አገር ቤት እናቴ ጋ ናት። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ምጥው ለአንበሳ እዚያው አንቺ ከተማ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ታኅሣሥ 24፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ቀን፣ አብሮ የሚታሰበውን፣ ምጥው ለአንበሳ (ለአንበሳ የተሰጠ) የሚባለውን ቅዱስ አግናጥዮስን ማለታቸው ነው።

የአንጾኪያ ጳጳስ ነበር። በንጉሡ በትራያን ዘመን ታስሮ፣ ዐሥር ወታደሮች እየጠበቁት፣ ለአውሬ ሊሰጥ ወደ ሮም ተላከ። መንገድ ላይ ከሰምርኔስ ሆኖ ለሮም ምእመናን ደብዳቤ ጻፈ። እኔን የያዘኝ ይሄ ደብዳቤ ነው። የታሰረ ሰው አስፈቱኝ ይላል፤ እሱ ግን እንዳታስጥሉኝ ብሎ ለመናቸው! የእግዚአብሔር ስንዴ ነኝ፣ በአውሬ ጥርስ ልፈጭ አለ።

አንበሶቹ ያስተረፉትን ዐፅም ወደ አንጾኪያ ወሰዱት። በኋላ በ7ኛው መቶ ዓመት ወደ ሮም ተመልሶ በቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን እንዳረፈ ይነገራል። ከኮሎሲየም በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የካቶሊኮች ነው ብሎ የሚያመነታ ካለ፣ አባታችን ከመከፋፈላችን በፊት የነበረ የሁላችንም አባት ነው።

ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ዐፅሙ ከመሠዊያው ሥር ነው። ከበላይ በወርቅማ ሞዛይክ ስቅለቱ ተሥሏል፤ መስቀሉ ላይ ነጫጭ ርግቦች፣ ከግርጌው ውኃ የሚጠጡ ዋላዎች። ተንበርክኬ «ቀዶ ጥገናው ይቅርልኝ» ልል ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱ አንበሳው ይቅርልኝ አላለማ! «አባቴ፣ ፍርሃቴን ብቻ አስወግድልኝ፤ ድኜ ከተነሣሁ እመሰክራለሁ» አልኩ።

በዚያው ሌሊት እስኪነጋ ለጥ ብዬ ተኛሁ። የቀዶ ጥገናው ዕለት ነርሷ ግፊቴን ለክታ ቀና ብላ አየችኝና «አትፈሪም እንዴ?» አለችኝ። ማደንዘዣው ሲሰጠኝ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ነበር፤ የቱ ጋ እንዳቆምኩ አላውቅም። ስነቃ ድምፄ ሰልሏል እንጂ ደኅና ነበርኩ። የእብጠቱም ምርመራ ሲመጣ ካንሰር የለበትም ተባለ። እሱን እንኳ አልለመንኩም ነበር።

ክብር ለመድኃኔዓለም ይሁን፤ የቅዱስ አግናጥዮስ ረድኤት አይለየን።