ከወረኢሉ ምኒልክ አደባባይ

የካቲት 23ን አዲስ አበባ አክብሬ አላውቅም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ወሎ፣ ወረኢሉ ነው፣ አሁን የምኖረው ደሴ። የዓድዋን በዓል የማየው በቴሌቪዥን ነበር። ዘንድሮ ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደወለና «የምኒልክን የክተት አዋጅ አደባባዩ ላይ ሊተውኑት ነው፣ ነጋሪት ሁሉ አለ፣ ና» አለኝ። ከመሥሪያ ቤት ሦስት ቀን አስፈቅጄ ተነሳሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ከደሴ ሳይነጋ ወጣን፣ ጣርማ በር ጉም ነበር፣ ደብረ ብርሃን ምሳ በላን፣ አሥር ሰዓት ገደማ ላምበረት ገባን።

ላምበረት ላይ አንድ ባለ ላዳ ሻንጣዬን አይቶ ፒያሳ ለመድረስ 900 ብር ጠየቀኝ። «ለምን?» ስለው «ነገ በዓል ነው» አለኝ። አናደደኝ። እኛ ጋ የባጃጅ ልጅ እንግዳ መሆንህን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «የማን ዘመድ ነህ?» ብሎ ነው። ትቼው በሚኒባስ መገናኛ ወረድኩ፣ እዚያ ተሰልፌ ሌላ ያዝኩ። መቶ ብር እንኳን አላወጣሁም፣ የሄደብኝ ጊዜዬ ብቻ ነው።

ሌሊቱ ግን መጥፎ ነበር። አልጋ የያዝኩት ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፔንሲዮን ነው። ሌላ ጊዜ 800 የሚከራየውን ክፍል ለበዓሉ ብለው 1,500 አስከፈሉኝ። ብርድ ልብሱ ሲጋራ ይሸታል። ከሥር ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃውን አልቀነሰም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አዋጁን በቃሌ እወጣው ጀመር። ልጅ እያለን አስተማሪያችን ቃል በቃል አስጠንቶናል፣ መጨረሻው ላይ ከተማችን ስላለችበት። «ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።» እዚህ ስንደርስ ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ እናደርግ ነበር።

አሥራ አንዱ ተኩል ላይ ወጣሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥብስ የበላሁባት ዶሮ ማነቂያ የለችም፣ በ2016 ፈርሳለች። የነበረችበትን ቦታ ፈልጌ መለየት አልቻልኩም። በዚያው ዓመት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግን እዚያው ፒያሳ ተገትሯል፣ ትልቅ ነው። ደሴም ፒያሳ የሚባል ሰፈር አለን። ስሙ ጣልያንኛ ነው፣ እዚህም እዚያም። እኔ የድሮውን ስም፣ አራዳን፣ እመርጣለሁ። በተለይ በዚህ ቀን።

ሦስት ቦታ ተፈተሽኩ። ሰዉ ግን አይማረርም፣ እየዘፈነ ነው የሚፈተሸው። ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ የያዘ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሆነ ነጭ የለበሰ። አንድ ቡድን «ምኒልክ ተወልዶ ባያነሳ ጋሻ፣ ግብሩ እንቁላል ነበር ይሄን ጊዜ አበሻ» እያለ ይዞራል። ከጊዮርጊስ በኩል የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል። ታቦቱ ዓድዋ ድረስ የዘመተ ደብር ነውና በዚህ ቀን ያንን ድምፅ መስማት ሌላ ነገር ነው። የንጉሡ ሐውልት ፈረሱ ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ይታያል። ጣልያን በወረራው ጊዜ አንስቶት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

ከመድረኩ ርቄ፣ ከረጃጅም ልጆች ኋላ ሆኜ ምንም አይታየኝም ነበር። አንዲት እናት እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ወደዚህ ና የኔ ልጅ፣ ከዚህ ይታያል።»

ዣንጥላቸውን አጥፈው ቦታ ሰጡኝ። ደረታቸው ላይ አራት ሜዳሊያ ተደርድሯል። የአባታቸው ነው፣ አባታቸው በአምስቱ ዓመት አርበኛ ነበሩ። የአንዱ ሪባን አልቆ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ደቃቅ ነው፣ ቸኩሎ የሰፋው ሰው አይደለም። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ ዘገኑልኝ። እስከ ሦስት ሰዓት አብረን ቆመን ጠበቅን።

መጀመሪያ ነጋሪቱ ተመታ። የነጋሪት ድምፅ በቴሌቪዥንና በአካል አንድ አይደለም፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ተባለ። ተዋናዩ ካባ ለብሶ፣ ባርኔጣ አድርጎ ወጣ። አደባባዩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም።

«እግዚአብሔር በቸርነቱ እስካሁን ጠላት አጥፍቶ አገር አስፍቶ አኖረኝ» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሕዝቡ ተቀበለው። ሦስተኛው ላይ ቀደመው። ወጣቶቹ ቃሉን ከአፉ እየነጠቁ ይጨርሱለታል። ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸውም ቢሆን አፉ ይንቀሳቀሳል። 1888 መስከረም ላይ የታወጀ ቃል ነው፣ የዛሬ ልጅ ደግሞ እንደ አባታችን ሆይ ይዞታል። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ተዋናዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮኸ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ይሄማ ፉከራ ሆነ። እምዬ እኮ እየለመኑ ነው» አሉ። አጠገባቸው ያለ ወጣት «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እንዲሰማ ነዋ» አላቸው። «ማይክ አለው አይደል እንዴ?» አሉት። ወጣቱ መልስ አልነበረውም።

እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ምኒልክ እኮ ገና ከአዋጁ መጀመሪያ ስለ ራሳቸው ሞት ያነሳሉ። ሞት የሁሉም ነው፣ ስለ እኔ ሞት አላዝንም ይላሉ። ወረድ ብለው «የሀገሬ ሰው ከአሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፣ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ይላሉ። ይሄ ለጎረቤት የሚነገር ቃል ነው። የሚያስፈራ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም።

«ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ሲባል አደባባዩ ተናወጠ። ቀጥሎ «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ» የሚለው መጣ። ጭብጨባው ገና አላበቃም ነበር፣ ብዙ ሰው የሰማው አልመሰለኝም። አጠገቤ ያሉት እናት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ «እሺ ጌታዬ» አሉ። ለማንም ብለው አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ የሰማኋቸው።

ከዚያ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ። አልተውህም። ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።» እልልታው፣ ፉጨቱ፣ መለከቱ ተደበላለቀ። ሕፃናት ትከሻ ላይ ሆነው ይጮኻሉ። ተዋናዩ ትንሽ እንኳን ሳይጠብቅ የመጨረሻውን መስመር ተናገረ። ከንፈሩን አየሁት። «ወረኢሉ» አለ። ድምፁ ግን እኔ ጋ አልደረሰም፣ ለማንም የደረሰ አይመስለኝም። ሰዉ «ማርያምን» ላይ አዋጁን ጨርሶት ነበር።

አራት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣሁት ለዚያች መስመር ነበር ማለት ይቻላል። ሳልደብቅ ልናገር፣ ከፋኝ። ዓድዋ በጩኸት ብቻ አልተዘመተም። አዋጁ ቀንና ቦታ አለው። በዚህ ወር ተነሳ፣ እዚህ ቦታ ድረስ ከትተህ ጠብቀኝ ይላል። ገበሬው ስንቁን የሚያሰናዳው፣ በቅሎውን የሚጭነው ያችን መስመር ሰምቶ ነው። ከአዋጁ እስከ ውጊያው አምስት ወር ተኩል አለ፣ በመካከሉም ረጅም የእግር መንገድ። ነገሩ የተበላሸውም የውጫሌ ውል በተፈረመበት በእኛው ወሎ ነው፣ የሸዋ ጦር የተቀጠረውም በእኛው ወሎ። የወሎ ፈረሰኛ ደግሞ ከራስ ሚካኤል ጋር ዘምቷል።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ አወራኋቸው። «ወረኢሉ የት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እኔም ማርያምን ሲል የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሲበተን የጊዮርጊስ አጥር ሥር ልጆች አዋጁን ይጫወታሉ። ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በካርቶን ጋሻ፣ ከፀጉር በተሠራ ጎፈር፣ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጓደኞቹ ባዶ ጀሪካን እንደ ነጋሪት ይመታሉ። እሱም «አማላጅ የለኝም!» ላይ ሲደርስ ጋሻውን ወረወረና ዘለለ። እናቲቱ ጠሩት። «ና ማሙሽ፣ አልጨረስክም። ይሄ ወንድምህ ቀሪውን ያስጠናህ።»

ተንበርክኬ ሁለት ጊዜ አልኩለት። ሦስተኛው ላይ ብቻውን ወጣው። ሳይጮህ፣ የሚቀጣጠር ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» አለ። ጀሪካኑም ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ወረኢሉ ሩቅ ነው?» አለኝ።

«ዛሬ በአውቶቡስ ደሴ ታድራለህ፣ በማግስቱ ትደርሳለህ» አልኩት።

«እነሱስ?»

«በእግራቸው።»

ካርቶኑን አንስቶ አቧራውን አራገፈና ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ወጣ።