መሃል የገባው ሌንስ

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጣና ላይ የሚያብረቀርቀው ብርሃን ዓይን አያስገልጥም። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ግን ደህና ያያል፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል ሲያደርግ ነጸብራቁ ይመለስበታል። ከውሃ ላይ የሚነጥር ብርሃን በአብዛኛው አግድም ይወዛወዛል፤ ፀሐይ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። መነጽሩ ያንን አግድሙን ነው የሚያስቀረው።

ስለ እውነታ ምንነት ማሰብ ሲያምረኝ ከዚህ ነው የምነሳው። ሦስት የፖላራይዝድ መነጽር ሌንስ ይበቃል። (መጀመሪያ ካልኩሌተር ስክሪን ፊት አዙሩት፤ በአንዱ አቅጣጫ ስክሪኑ ካልጠቆረ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው የገዛችሁት።) ሁለቱን አንዱን ቁም፣ ሌላውን አግድም አድርጋችሁ ስትደርቧቸው ይጨልማል። ሦስተኛውን 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ መሃላቸው ስታስገቡ ብርሃን ያልፋል! ከፊት ወይም ከኋላ ብታደርጉት ግን ጨለማው እንዳለ ነው። በስሌት የሚያልፈው ከገባው ብርሃን 12.5 በመቶ፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 9.4 በመቶ ገደማ ነው፤ የገበያ መነጽር ጥቁረት ስላለው በተግባር ያንሳል። ሌንስ እንደ ወንፊት ያለውን ብቻ የሚለይ ቢሆን፣ ወንፊት በተጨመረ ቁጥር የሚያልፈው መቀነስ ነበረበት።

እዚህ ድረስ የድሮው የሞገድ ትምህርት ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንድ በአንድ ሲላክ ነው፤ ግማሽ ፎቶን የለም፣ ወይ ያልፋል ወይ ይቀራል። መልሱን ከምንጩ ይዞት ነው የሚመጣው? የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ጥያቄውን በልኬት የሚፈተን አደረገው፤ እነ ጆን ክላውዘር በ1969 ለቤተ ሙከራ አመቻቹት። ከአንድ ምንጭ የወጡ ጥንድ ፎቶኖች መልሳቸውን ይዘው ከመጡና አንዱ ጋ የሚደረገው ሌላውን ወዲያው ካልነካው፣ ከአራት የሌንስ ማዕዘን ጥምረቶች የሚሰላው ቁጥር ከ2 አይበልጥም። የቅንጣቶች ሕግ የሆነው የኳንተም ፊዚክስ እስከ 2.83 ይፈቅዳል። በ2015 ዴልፍት (ኔዘርላንድስ) ላይ፣ በፎቶኖች ፋንታ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ኤሌክትሮኖች ተፈትኖ የተገኘው 2.42 ነው፤ ከ2 በላይ።

ከዚህ ተነስቶ «ዓለም የሚኖረው ስናየው ነው» ማለት አጉል ድፍረት ነው። ሌንሱ ማንም ባያየውም ሥራውን ይሠራል። ሐይቁ ላይ ያለች ታንኳ ሁለት ቦታ የማትገኘውም አየሩና ብርሃኑ ያለችበትን ሳያቋርጡ ስለሚመዘግቡ ነው፤ ቀዛፊው ቢያንቀላፋም ለውጥ የለውም። የወደቀው ሁለቱ ግምቶች፣ መልስን ይዞ መምጣትና በርቀት ወዲያው አለመነካካት፣ አንድ ላይ መቆማቸው ነው። ዴቪድ ቦም በ1952 ቅንጣት ምንጊዜም የራሱ ቦታ አለው ብሎ፣ በርቀት ወዲያው መነካካትን ተቀበለ። ሂዩ ኤቨረት በ1957 ውጤቶቹ ሁሉ ይከሰታሉ አለ፤ ይኼኛው ለእኔ ብዙ ነው። ልቤ ወደ ቦም ያደላል፣ ምንም እንኳ ከአንስታይን አንጻራዊነት ጋር የማስታረቁ ሥራ እስከዛሬ ቢያከራክርም።