የቁንጭር ጥገኛ ከየት መጣ?

ዛሬ ማይክሮስኮፕ ስር የገባው ናሙና የጎጃም ደጋ ቁንጭር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው የቆዳ ቁስል፣ ነው። የተፋቀው ከቁስሉ ጠርዝ ነው፤ ከመሃል ከወሰዱት የሞተ ሥጋና ባክቴሪያ ያዩና «ነጻ ነው» ብለው ይሸኛሉ። በጊምሳ ቀለም ሲታይ ጥገኛው ሊሽማኒያ በሰውነት መከላከያ ሴል ውስጥ ክብ ብሎ ተቀምጧል፤ ጅራቱ አይታይም።

በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ ግን ረዝሞ በጅራቱ ይዋኛል። የጥንት መልኩ ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ዛሬም ነፍሳት ሆድ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖሩት። ደም የምትመጥ ዝንብ ናት ወደ እንስሳ ያሸጋገረችው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ጥናት፣ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው የምያንማር አምበር (ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ) ውስጥ በተያዘች የአሸዋ ዝንብ ሆድ ሊሽማኒያ መሰል ጥገኛ ታይቷል፤ አብሮትም የተሳቢ እንስሳ የሚመስል የደም ሴል። አይጥ እንኳ ገና አልተፈጠረም!

ሌላ አገር ማደሪያው የበረሃ አይጥ ነው። የእኛው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ግን ሽኮኮ ላይ ነው የሚከርመው፤ ሽኮኮ ደግሞ (አይጥ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው) የዝሆን ዘመድ ነው። ስለዚህ ሽኮኮ ባለበት ገደል ሥር ላለ ቤት የአይጥ መርዝ ለቁንጭር አይረባም። ዝንቧ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ድምፅም የላትም፤ ተራውን አጎበር ሾልካ ስለምታልፍ ቀዳዳው የጠበበ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሻላል።