የታጨደው ሣር መንገድ ዳር አይደር

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ግራና ቀኙን ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ ውጦት ነበር። ሰደድ እሳት ቢነሳ እኛ የምንወጣው በዚያው ነው፣ የእሳት አደጋ መኪናም የሚገባው በዚያው። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ። በመጨረሻ ሁለት ጎረቤቶቼን አስተባብሬ ለመመንጠር ተነሳሁ። ምንጣሮው በደንብ ሄደ። ጣጣው የመጣው ከምንጣሮው በኋላ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ፈቃድ ጠየቅን፣ ተሰጠን። የመንገዱ ዳር የእኛ መሬት ስላልሆነ ይህን መዝለል አይቻልም። ሥራውን ጠዋት በማለዳ፣ ሣሩ ላይ ጤዛ ሳይጠፋ ጀምረን ፀሐይ ሳይከር እናቆማለን። ነፋስ ባለበት ቀን ማሽን አላስነሳንም። የማጨጃ ብረት ድንጋይ ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ ብቻውን ደረቅ ሣር ያቀጣጥላል። ስለዚህ ከማጨዳችን በፊት በእግራችን እየሄድን ድንጋይ፣ ሽቦና ጠርሙስ ለቀምን። ውኃና አካፋ ከጎናችን አልጠፋም።

ሣሩን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተን አጨድን። እስከ አፈሩ መላጨት ጥሩ ይመስላል፣ ግን ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይታጠባል፣ ባዶው ቦታ ላይም ቶሎ የሚደርቅ አረም ይወርሰዋል። የትልልቆቹን ዛፎች ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች እስከ 2 ሜትር ከፍታ ቆረጥን። እሳት ከሣር ወደ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ቅርንጫፍ እንደ መሰላል ነው የሚወጣው። የተሰጠን መመሪያ በሁለቱም በኩል እኩል ስፋት መንጥሩ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ ይፈጥናል። መንገዳችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከመንገዱ በታች ያለውን ጎን ሰፋ አድርጉ።

አሁን ወደ ክምሩ ልምጣ።

ፈቃዱን የሰጠን ሰውዬ «ዳር ላይ ከምሩት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪና ልከን እናነሳዋለን» አለን። አመንነው። ሣሩን፣ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን እየሰበሰብን በመንገዱ ዳር ከመርን። ስንጨርስ ቆመን አየነው፣ ልቤ በኩራት ሞላ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። መኪና የለም። ደወልኩ፣ «ተራ ላይ ናችሁ» ተባልኩ። በአካል ሄድኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ሄድኩ፣ አሁንም ስብሰባ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ግን በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት ይበልጣል። በየቀኑ በክምሮቹ አጠገብ አልፍ ነበርና። መጀመሪያ ላይ እጄን ስከት ውስጡ እርጥብ ነው፣ የታጨደ ሣር ይሸታል። በኋላ ቅርንጫፎቹን ጎንበስ ሳደርጋቸው ቀጭ ብለው ይሰበሩ ጀመር። አየሁ፣ ሰማሁ፣ መኪናውን መጠበቄን ግን አልተውኩም።

በ23ኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጎማው የተነፈሰበት አንድ ሾፌር ከመንገድ ወጥቶ ቆመ። የቆመው እኛ በመነጠርነው ቦታ ነው፤ ሰፊና ንጹሕ ስለሆነ ለማቆሚያ ይመቻል። ከክምሩ ወደ ውጭ የተዘረጋው ደረቅ ሣር መኪናው ሥር ገባ። የጭስ ማውጫው ደግሞ ከመንዳት በኋላ ሣር ለማቀጣጠል የሚበቃ ግለት ይኖረዋል። ሾፌሩ ብሎን እየፈታ እያለ ጭሱ ተነሳ።

ከጎረቤቶቼ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ቀድመው አይተው ጮኹ። ሾፌሩ በተነፈሰ ጎማ ነድቶ ራቀ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። እኛ ወደ ክምሩ ሮጥን። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ያን ቀን በእርጥብ ቅርንጫፍ እሳት እየመታሁ ነው ምን ማለት እንደሆነ በእጄ ያወቅኩት። ክምሩ ላይ ነበልባሉ ከቁመቴ በላይ ነበር፣ ፊት አያስጠጋም። ከክምሩ ወጥቶ ወደ ታጨደው ሣር ሲገባ ግን ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። እዚያ ላይ በቅጠልና በአፈር አሸነፍነው። ማጨዳችን አዳነን፣ መከመራችን ሊያጠፋን ነበር። ሦስት ክምር ነደደ፣ አንድ ዛፍ ተለበለበ።

በማግስቱ ጠዋት አመዱ ቀዝቅዞ ይመስል ነበር። የእጄን ጀርባ ሳስጠጋ ግን ሞቀኝ። በአካፋ ስገልጠው ከሥር ቀይ ፍም አለ። ውኃ አፍስሰን፣ አማስለን፣ እንደገና አፈሰስን። ይህን ለሁለት ቀን ደጋገምነው። ከቢሮው የመጣው ሰው የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን ሳታነሱት ቀራችሁ?» የሚል ነበር። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ጋሼ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። በዕለቱ ማንሳት ከምትችሉት በላይ አትጨዱ። መንገዱ ረጅም ከሆነ ቆራርጣችሁ ሥሩት። ሁሉንም ማንሳት ካልቻላችሁ ግንዱን ትታችሁ ቀጭኑን አንሱ። እኛን «መጀመሪያ ትልልቁን አንሱ» ብለውን ነበር፣ ተገላቢጦሽ ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ደረቅ ጭራሮና ሣር የአየሩን ድርቀት በ1 ሰዓት ገደማ ይከተላል። ወፍራም ግንድ ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። መፍጫ ማሽን ካገኛችሁ ፍጩትና ከመንገዱ ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ አትከምሩት። ክምሩን እዚያው ማቃጠል በፈቃድ ይቻላል ይላሉ። እኔ ያን ፍም ካየሁ በኋላ መንገድ ዳር ክብሪት አልጭርም።

ቁጥቋጦው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ ይመለሳል። ዘንድሮ በቀን 30 ሜትር ብቻ ነበር የያዝነው። ጋሪው መጥቶ ሳይቆም ማንም ማጭድ አላነሳም። ቀርፋፋ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ጋሼም «ዘንድሮስ አያልቅም» ሲሉ ነበር። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ጋሪ ገፍተን ስንመለስ በተለበለበው ዛፍ በኩል አለፍን። ቅርፊቱ እስከ ትከሻዬ ድረስ አሁንም ጥቁር ነው። ከሥሩ ግን አንዲት ጭራሮ የለም።