ትከሻዋን ለባሕር የሰጠች መንደር

ክሮቪ ከአበርዲን በስተሰሜን ባለው የስኮትላንድ ጠረፍ፣ በቀይ ገደልና በባሕር መካከል የተሰነቀረች መንደር ናት። ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ አስፋልት ጫፏ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የሚያልፍበት ስፋት የለም። ቤቱን ያከራዩኝ አዛውንት እናት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ይዘው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ጭኜ እየገፋሁ ተከተልኳቸው፤ በአንዱ በኩል ቤት፣ በሌላው በኩል ባሕር። ልብስ የሚሰጣውም በቤቱና በማዕበሉ መካከል በቀረችው ቁራጭ መሬት ላይ ነው።

አብዛኞቹ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ባሕር አላዞሩም። በጎናቸው ስለቆሙ ማዕበሉ የሚያገኘው ጠባቡን ግድግዳ ነው። የሠሯቸው ሰዎች እዚህ የመጡት ለእይታ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች እርሻውን ለበግ ግጦሽ ሲፈልጉት ጭሰኛውን ነቅለው ወደ ጠረፉ አወረዱት። ሲያርስ የኖረ ገበሬ በአንድ ጊዜ ዓሣ አጥማጅ ሁን ተባለ።

በዚህ ጠረፍ ሴቶች ባሎቻቸውን አዝለው እስከ ጀልባው ያደርሱ ነበር፤ ሰውየው ገና ሳይነሳ እግሩ ከራሰ ቀኑን ሙሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ይውላልና። በየመንጠቆው ላይ የዛጎል ሥጋ የሚሰኩትም እነሱ ነበሩ። ዓሣ አጥማጅ የሚለውን ስም የወሰደው ግን ባልየው ነው!

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1953 የተነሳው ማዕበል ቤቶችን አፈራርሶ መተላለፊያውን ጠረገው። ያው አውሎ ነፋስ በዚያው ቀን ፕሪንሰስ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ አሰጠመ፤ ሌሊቱን ኔዘርላንድስ ደርሶ ከ1,800 በላይ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ብዙ የክሮቪ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። ዛሬ አብዛኞቹ ቤቶች እንደ እኔ ላለ መንገደኛ የሚከራዩ ናቸው። እኛ ገንዘብ ከፍለን የምናደንቀው ጥበት እነሱን ያስመረራቸው ነው፤ ይህን እያሰብኩ ፎቶግራፍ ማንሳቴን ግን አልተውኩም።

መንደሯ ሱቅ የላትም። በማግስቱ ዳቦ ፍለጋ በገደሉ ሥር በሚያልፈው የእግር መንገድ ወደ ጋርደንስታውን ሄድኩ፤ ማዕበል ሲያይል የማይሞከር መንገድ ነው። ጋርደንስታውንን በ1720 የመሠረቱት አሌክሳንደር ጋርደን የተባሉ ባለርስት ናቸው። ወደብ አለ፣ ሱቅ አለ፣ መኪናም ከደጅ ይቆማል። ከክሮቪ ከወጡት ብዙዎቹ የተሻገሩት ወደዚህ ነው፤ ምን እንደታያቸው መገመት አይከብድም። ዳቦና ወተቴን ይዤ ስመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር።