ሲ የያዘውን ሜሞሪ ማን ይልቀቀው?

ሐሙስ ማታ አራት ኪሎ ካለው ቢሮዬ አምሽቼ ነበር። በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) የጻፍኩት የቡትስትራፕ ስሌት፣ ማለትም ከዳታው ደጋግሞ ናሙና እያወጣ የሚያሰላው፣ 10,000 ጊዜ መደጋገም ነበረበት። 3,000ን እንዳለፈ ላፕቶፑ ደነዘዘ። ትንሽ ቆይቶ ሲስተሙ አርን ዘጋው። የስንት ሰዓት ሥራ ውሃ በላው።

ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። ስሌቱ እየሄደ ሳለ አርን ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዘ በየመቶው ዙር አስቆጥረው ነበር። 200 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በሌላው መስኮት ቶፕ (እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሲስተሙ የያዘውን ሜሞሪ የሚያሳየው መሣሪያ) ያንኑ ፕሮግራም 6 ጊጋባይት ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አር የሚቆጥረው ራሱ የሰጠውን ብቻ ነው። ከባዱን ስሌት የሚሠራልኝ ግን ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈው የሒሳብ ላይብረሪ ጂኤስኤል ነው፤ እሱ ማትሪክስ ሲፈልግ በማሎክ፣ በሲ የሜሞሪ መጠየቂያ፣ ይወስዳል። የአር ጋርቤጅ ኮሌክተር (ያለቀለትን ሜሞሪ የሚሰበስበው) ይህን አያየውም።

ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር የእድሩን ወንበርና ሳህን የእድሩ ሰዎች ቆጥረው ይሰበስባሉ። ከጎረቤት የተዋስነውን ድስት ግን እማዬ ካልመለሰችው እዚያው ቤታችን ይቀራል።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። 500 በ500 ማትሪክስ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት፤ 2 ሚሊዮን ባይት ነው። በ10,000 ሲባዛ 20 ጊጋባይት። የኔ ላፕቶፕ ያለው 8 ነው። ኮዱን ሳየው ለካ ማትሪክሱን የሚለቀውን መስመር አልጻፍኩም። ጨመርኩት። አሁን እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ቶፕ ላይ ያለው ቁጥር ግን ቀስ እያለ መውጣቱን አልተወም።

ዓርብ ጠዋት ለባልደረባዬ አሳየኋት። ኮዱን አየችና "ኤረር ሲመጣ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

ነገሩ እዚያ ነበር። ናሙናው ውስጥ ያው ረድፍ ሲደጋገም አንዳንዱ ኮቫሪያንስ (ተለዋዋጮቹ አብረው እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያሳየው ማትሪክስ) ለቾለስኪ፣ ማትሪክሱን ለሚከፋፍለው ስሌት፣ አይሆንም። ጂኤስኤል እንዲህ ሲገጥመው ካልከለከሉት ፕሮግራሙን በሙሉ ያቆመዋል፤ ስለዚህ ያንን አጥፍቼ የአርን ኤረር እጠራ ነበር። የአር ኤረር ግን ወደ ጠራው መስመር አይመለስም። ዘሎ በቀጥታ ወደ አር ይሄዳል። ከታች የጻፍኩት የመልቀቂያ መስመር ጋ የሚደርስ የለም።

ከኤረሩ በፊት መልቀቅ ይቻላል። እኔ ግን ሌላ መንገድ መረጥኩ። ቦታውን በአር አሎክ (አር ለሲ ኮድ ሜሞሪ የሚሰጥበት ፈንክሽን) ከራሱ ከአር ወስጄ በቪው፣ ያንኑ ቦታ እንደ ማትሪክስ በሚያሳየው፣ ለጂኤስኤል አዋስኩት። የሲው ጥሪ በሰላምም ይለቅ በኤረር፣ አር ቦታውን ይመልሳል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ተጠቃሚው የሰጣችሁን ማትሪክስ ኮፒ ሳታደርጉ አታውሱት፤ ቾለስኪ እዚያው ላይ ስለሚጽፍበት የሰውየውን ዳታ ታበላሻላችሁ። ሌላው፣ አር ማትሪክስን በዓምድ ይደረድራል፣ ጂኤስኤል በረድፍ። ኮቫሪያንስ ሲሜትሪክ (ረድፉና ዓምዱ ቢቀያየር ያው) ስለሆነ እኔን አልነካኝም። ሌላ ማትሪክስ ግን ረድፉ ዓምድ ሆኖ ይደርሳችኋል፣ ያውም ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ከክራሽ የባሰ ነው፤ የተሳሳተ ውጤት ይዛችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

ዓርብ ከሰዓት እንደገና አስነሳሁት። ከመጀመሪያው ዙር እስከ 10,000ኛው ቶፕ ላይ ያለው ቁጥር እዚያው ቆመ። የቀረኝ የአይገን ስሌቱ፣ ሌላው የማትሪክስ ስሌት፣ ነው። እሱ የሚሠራበትን ቦታ ራሱ ጂኤስኤል ነው የሚያዘጋጀው፣ ማዋስ አይቻልም። ለእሱ ኤክስተርናል ፖይንተር (አር የሲውን ቦታ የሚይዝበት መያዣ) ሠርቼ ፋይናላይዘር (መያዣው ሲጣል ቦታውን የሚለቅ ፈንክሽን) እሰካለሁ።