በርሜሉን ሳንኳኳ

ዛሬም ውኃ የለም። ማታ ስገባ በረንዳው ላይ ያለውን በርሜል በጣቴ አንኳኳሁት። ላይኛው ባዶ ነው። ዝቅ ስል ድምፁ ታፈነ። እጄ እዚያው ቀረ።

ሐኪሙ የእማዬን ጀርባ ያንኳኳው እንደዚህ ነበር። ግራ እጁን ዘርግቶ፣ በቀኝ ጣቱ መታ መታ እያደረገ ከትከሻዋ ወደ ታች ወረደ። ግራ ጎኗ እስከ ታች ክፍት ድምፅ አለው። ቀኙ ግን ግማሽ ላይ ተቀየረ። እኔም ሰማሁት። "ውኃ ቋጥሯል" አለ፣ ገና ራጅ ሳትነሳ።

እኔ ሳንባዋ ውስጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ከውጭ ነው። ሳንባን የሚሸፍን ስስ ነገር አለ፤ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍንም አለ። በመሐላቸው በጤና ጊዜ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው ያለው፣ እንዳይፋተጉ። የሳንባ ምች ሲይዝ ሽፋኑም ይቆጣና ፈሳሹ ይበዛል፤ ሳንባው መዘርጊያ ያጣል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ከሆነ በመድኃኒቱ ይመጠጣል። የሷ አልሆነም። በመርፌ ሲቀዳ ደፍርሶ፣ ወፍሮ ወጣ። መግል ሆኗል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፣ መውጣት አለበት። ጎኗ ላይ ቱቦ ገባ።

የቱቦው ጫፍ አልጋው ሥር ባለ ጠርሙስ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሯል። አየር ተመልሶ እንዳይገባባት ነው። ስትስብ ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ይላል፣ ስታወጣ ዝቅ። ሌሊቱን ሙሉ ፊቷን ትቼ እሱን ሳይ አደርኩ።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ደረትን እያንኳኩ መመርመርን በ1761 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያሳተመው አውንብሩገር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም ነው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ ልጁ ሐሳቡን ያገኘው ከወይን በርሜል ነው ይባላል። እማዬም እኮ የጠላ ጋኗን አንኳኩታ "ግማሽ ደርሷል" ትል ነበር። ጆሮዋ አይሳሳትም። የገዛ ጀርባን ግን ማን ያንኳኳል?

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ "ብርድ ነው" ስትል ነበር። ዳማከሴ ጨምቀንላታል። ሁልጊዜ በቀኝ ጎኗ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምትተኛው። በዚያው ሰሞን በትንሽ ነገር ተነጋግረን ስለነበር ያኮረፈችኝ መሰለኝ። ምሳዋን አጠገቧ አስቀምጬ ዝም ብዬ እወጣ ነበር። የሚያመውን ጎን ተጭና መተኛት ሕመሙን እንደሚያስታግስ ያወቅኩት ከቱቦው በኋላ ነው።

አሁን ድናለች፣ ተመስገን። ከዳነች በኋላ ብዙ ጊዜ ልጠይቃት አስቤ አፌ ላይ ቀርቷል። አኩርፈሽኝ ነበር እንዴ እማዬ፣ ወይስ ጎንሽን ብቻ ነበር?